የኤሊ ቅርፊት ከአዱሊስ እስከ ጅቡቲ

ታሪክ የሚያስተምር ሰው አንዳንድ ጊዜ ከተማሪ ይማራል። እኔም ለዕረፍት ወደ ጅቡቲ ወርጄ በካርቲየ 3 ከዘመዶቼ ቤት ባረፍሁ ጊዜ የደረሰብኝ ይኸው ነው። የቤቱ ልጅ ትምህርቱን በቃሉ ሲያጠና፣ «ከአዱሊስ ወደብ ይላኩ የነበሩት ሸቀጦች የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ቅርፊት ነበሩ» አለና ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ ኤሊዋስ ከዚያ በኋላ ምን ሆነች?» ሲል ጠየቀኝ። ይህን ዝርዝር ለእጩ መምህራን ለዓመታት ሳስተምር ጥያቄው አንድ ቀን እንኳ በአሳቤ አልመጣም ነበር። ይህች ጽሑፍ ለልጁ የዘገየች መልስ ናት።

በመጀመሪያው ምእተ ዓመት አጋማሽ ገደማ፣ ስሙ ያልታወቀ የግብፅ ነጋዴ በግሪክኛ የጻፈው የኤርትራ ባሕር ጉዞ መጽሐፍ በንጉሥ ዞስካሌስ ዘመን ከአዱሊስ የሚወጣውን ሸቀጥ ሲዘረዝር እነዚህን ሦስቱን ይጠራል። ቅርፊቱንም ዓሣ ተመጋቢዎች የተባሉ ሰዎች ከወደቡ ፊት ለፊት ካሉት አላላይ ከተባሉ ደሴቶች ያመጡት እንደ ነበር ይገልጻል። በባብ ኤል መንደብ አካባቢ የነበረችው አቫሊቴስም ይህንኑ ትልክ ነበር። የሮማ ባለጸጎች አልጋቸውን በቅርፊቱ ያስጌጡ ነበር። እንግዲህ ይህ የባሕር ጠረፍ በዓለም መጽሐፍ ሲጻፍ ስሙ ከኤሊ ሞት ጋራ ተያይዞ ነው።

ለዚህ ንግድ ከሁሉ ይልቅ የምትፈለገው አፏ እንደ ጭልፊት ምንቃር የቆለመመው የባሕር ኤሊ ናት። ይህች ኤሊ እንቁላል ለመጣል የምትደርሰው ከ20 ዓመት ያላነሰ ጊዜ ቆይታ ነው፤ ከ1,000 የባሕር ኤሊ ጫጩቶችም ለአካለ መጠን የሚደርሰው አንድ ያህል ብቻ እንደ ሆነ ይገመታል። ስለዚህ አንዲት ትልቅ ኤሊ መግደል የብዙ ዓመታትን ልፋት በአንድ ቀን ማጥፋት ነው፤ አንዲቱን ማዳንም የዚያኑ ያህል ዋጋ አለው።

ጥፋቱ ከታወቀ በኋላ ሕግ ወጣ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 በዋሽንግተን የተፈረመው ስምምነት የብርቅ እንስሳትን ንግድ የሚገድብ ሲሆን፣ የባሕር ኤሊ በአገሮች መካከል ለንግድ እንዳትሸጥ የተከለከለችው በርሱ ነው። ኢትዮጵያ በ1989፣ ጅቡቲም በ1992 ገቡበት። ነገር ግን ሕግ የቆሰለውን አያክምም፤ አካሚ ያስፈልጋል። በጅቡቲ በ2001 የተቋቋመው ዴካን የተባለው ማኅበር ከሕገ ወጥ ንግድ የተያዙ አቦሸማኔዎችን ተቀብሎ ይንከባከባል። ለባሕር ኤሊ በተለይ የቆሙት ግን በኬንያ ዋታሙ በ1997 የተመሠረተው ማኅበርና በዱባይ በ2004 የተጀመረው ሥራ ናቸው።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። ደክማ የተገኘችው ኤሊ መጀመሪያ ጨው በሌለው ውኃ ትቆያለች፤ በቅርፊቷ የተጣበቁት የባሕር ተባዮች በዚህ ይሞታሉ። ቀጥሎ ቁስሏ ይታከማል፤ የዋጠችው ፕላስቲክ እስኪወጣ ትጠበቃለች። መጥለቅና ምግቧን ራሷ መያዝ መቻሏ ከተረጋገጠ በኋላ ወደ ባሕር ትለቀቃለች። ዱባይ ብቻ በዚህ መንገድ ከ2,000 በላይ ኤሊዎችን መልሳለች። ልዩ ልዩ አገሮች ለብዙ ዓመታት የደከሙበት ጥበቃም ፍሬ አፍርቶ፣ አረንጓዴዋ የባሕር ኤሊ በ2025 ሊጠፉ ከተቃረቡት ዝርዝር ወጥታለች። የቅርፊቱ ባለቤት፣ ያቺ እንደ ጭልፊት አፏ የቆለመመው፣ ግን ዛሬም በጽኑ አደጋ ላይ ናት።

የአዱሊስን ክብር ለተማሪዎቻችን መተረክ ተገቢ ነው። ክብሩ የተገዛበትን ዋጋ አለመንገር ግን ታሪክን በግማሽ ማስተማር ነው። እኔም ከእንግዲህ ያን ዝርዝር በሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከሥሩ የልጁን ጥያቄ እጨምራለሁ። የሥራ ባልደረቦቼም እንዲሁ ቢያደርጉ፣ የነገው ወደብ ጠባቂ፣ ዓሣ አጥማጅና ሐኪም መልሱን በሥራው ይጽፈዋል ብዬ አምናለሁ።