«ፎርማት» የሸፈናቸው ሦስት ነገሮች

በየመሥሪያ ቤቱ የሚሞላውም፣ የሚደመረውም፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውም ወረቀት «ፎርማት» ይባላል። ሦስቱ ግን ሥራቸው ለየቅል ነው። የሚሞላው ቅጽ ነው፤ በረድፍና በዓምድ የተደረደረው ሠንጠረዥ፤ ብዛትን በመስመር ወይም በዘንግ የሚያሳየው ደግሞ ቻርት። ለቻርት «ሥዕላዊ መግለጫ» የሚለው ስም ይሰጣል፤ የሰውነት ክፍሎችን የሚያሳይ ሥዕልም በዚሁ ስም ስለሚጠራ ግን «የቁጥር ሥዕል» ቢባል ይበልጥ ይገልጸዋል።

ልዩነቱን ለማየት ጤና ኬላ መግባት ይበቃል። ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ደምበጫ ዙሪያም፣ እንደ ሌላው የሀገሪቱ ገጠር፣ የክትባትን ሥራ የሚያደርሱት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። ከአምስት በሽታዎች የሚከላከለው ፔንታ ለሕፃናት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። እያንዳንዱ ሕፃን በቅጽ ይመዘገባል፤ የወሩ ድምር በሠንጠረዥ ይገባል፤ ከወር ወር የተጠራቀመው ደግሞ በክትትል ቻርት ላይ በሁለት መስመር ይሰመራል፦ ፔንታ አንድና ፔንታ ሦስት።

በዓመት 120 ሕፃናት ይከተባሉ ተብሎ የታቀደበትን ቀበሌ ለምሳሌ እንውሰድ። ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ 60 መድረስ ነበረበት። ፔንታ አንድ 57፣ ፔንታ ሦስት 45 ቢሆን፣ በሠንጠረዥ ሲታይ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። በቻርቱ ላይ ግን በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ከሩቅ ይታያል፤ የ12 ሕፃናት ክፍተት ነው። አንዳንዶቹ ቀናቸው ገና ያልደረሰ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የቀሩት ጀምረው ያቋረጡ ናቸው። መከላከያቸው ሳይሟላ የቀሩ ልጆች ስለሆኑ፣ ይህን ክፍተት ቶሎ ማየት ትልቅ ነገር ነው።

ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር በ1786 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አትላስ የእንግሊዝን ገቢና ወጪ ንግድ በሁለት መስመር አስፍሮ፣ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት በቀለም ለይቶ ነበር። የጤና ኬላው ቻርት የሚሠራው በዚያው ብልሃት ነው።

ሁሉን ነገር ግን ቻርት ማድረግ አያዋጣም። የበዓላትን ቀን የሚያሰሉት የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉትን ቁጥሮች የ19 ዓመት ዑደት በሠንጠረዥ ያኖሩት በቂ ምክንያት ስላላቸው ነው። ፋሲካ መቼ እንደሚውል የሚያወጣ ሰው የሚፈልገው ልክ የሆነውን ቁጥር እንጂ የቁጥሩን መውጣትና መውረድ አይደለም። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ስለሚሆኑ፣ ሠንጠረዡ ስህተት ቢገባበት እንኳ በመደመር ይታወቃል። መስመር ቢሰመርለት ይህ ሁሉ ይጠፋ ነበር።

ጤና ኬላው ውስጥም ቻርት ብቻውን አይበቃም። የፔንታ ሦስት መስመር ወደ ኋላ መቅረት ሲጀምር ባለሙያዋ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደሆነ በሠንጠረዡ ታጣራለች፤ ከዚያ ቅጾቹን ትገልጣለች፤ የሕፃኑ ስም፣ የእናቱ ስምና የሚኖሩበት ጎጥ የሚገኘው እዚያ ነው፤ ቤቱ ድረስ ለመሄድም የሚያስፈልጋት ይኸው ነው።