የናዝሬት ሕሙማንና የጤና ትምህርት

ናዝሬት፣ ዛሬ አዳማ የምንላት፣ በምድር ባቡሩ ጣቢያ ዙሪያ ያደገች የመንገደኛና የነጋዴ ከተማ እንደ መሆኗ መጠን፣ ከአዋሽ ቆላ የሚነሣው ንዳድም ሆነ በጅቡቲ መስመር የሚመጣው ደዌ በደጃፏ ያልፍ ነበርና፣ የሜኖናይት ሚሲዮን በ1938 ዓ.ም. በቀድሞ የጥጥ መዳመጫ ሕንፃ ውስጥ ሆስፒታል ሲከፍት ፈውስንና ትምህርትን በአንድነት ይዞ ተነሣ። በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም የተሰየመው ይህ ሆስፒታል ድሬሰሮችን፣ ማለት የሐኪም ረዳቶችን፣ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤትም ነበረው፤ የባሕር ማዶውን ሐኪም ቃል ለበሽተኛው የሚያደርስ፣ የበሽተኛውንም ምሥጢር ወደ ሐኪሙ የሚመልስ ሰው ማን ነበር ቢሉ፣ ድሬሰሩ ነበር።

በየጤና ጣቢያው ግን ትምህርት ሲባል በአመዛኙ ስብከት ነው። ካርድ ያወጡት ሕሙማን በአግዳሚው ወንበር ተደርድረው፣ እናት ልጇን እያጠባች፣ ሽማግሌው በምርኩዙ ተደግፎ፣ አስተማሪው ስለ ዝንብና ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ይናገራል፤ በመጨረሻም «ጥያቄ ያለው?» ይላል፤ ጉባኤው ዝም ይላል። ዝምታውን ብዙዎች መስማማት አድርገው ተረጉመውታል፤ እኔ ግን እፍረት ነው እላለሁ።

የዚህ ዓይነቱ ትምህርት ጉድለት በናዝሬት አጠገብ ካለችው ከወንጂ ይልቅ ጎልቶ የታየበት ስፍራ አላውቅም። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. በዚያ የስኳር ፋብሪካውን ሥራ ካስጀመረ ወዲህ፣ ከመስኖው ቦይ ይልቅ የጉድጓድ ውኃ መጠጣት ይሻላል የሚለው፣ በብዙ አገር እውነት የሆነው ምክር፣ በስምጥ ሸለቆ ግን ሌላ መከራ አመጣ፤ ከእሳተ ገሞራው ዐለት የሚሟሟው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር እጅግ ይበልጥ ነበርና፣ በዚያ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ ሆነ፣ ዓመታት የጠጡት ሠራተኞችም አከርካሪያቸው ደርቆ አንገታቸውን ማዞር ተሳናቸው። «የልጄ ጥርስ ስለ ምን ጠቆረ?» የሚለው የአንዲት እናት ጥያቄ ከአስተማሪው ስብከት ይልቅ ዕውቀት ነበረበት።

ከመስበክ ይልቅ መጠየቅ ፍሬ እንደሚያፈራም ታይቷል፤ ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ የፈንጣጣ አጥፊዎች በየመንደሩ የበሽተኛ ሕፃን ሥዕል እያሳዩ «እንዲህ ያለ አይታችኋል?» እያሉ መጠየቃቸው፣ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ እስከ ተገኘው እስከ መጨረሻው የአገራችን በሽተኛ ድረስ አድርሷቸዋል።

የበሽተኛውን እፍረት የሚያቀልል መንገድ ደግሞ በባሕር ማዶ ተሞክሯል፤ በ1958 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዋርነር ስላክ የተባለ ሐኪም በሽተኛውን ከኮምፒውተር ፊት አስቀምጦ በጽሑፍ እንዲጠየቅና እንዲመልስ አደረገው፤ ከዚያም ወዲህ በተደረጉ ምርመራዎች ሰው ለሐኪም የሚያፍርበትን ለመሣሪያ ሳያፍር እንደሚናገር ታወቀ። በ1980ዎቹም የእስኮትላንድ ግላስጎው ሰዎች በአደባባይ በቆመ የኮምፒውተር መስተዋት ላይ ጣታቸውን እያሳረፉ ስለ ጤናቸው ያነብቡ ነበር።

የእኛ አገር ተመሳሳይ በስልክ መጣ። በ1996 ዓ.ም. ገደማ የተከፈተው፣ ያለ ክፍያ ይደወልበት የነበረው 952 የኤድስ መስመር ስም አይጠይቅም ነበር፤ በአዳማና በመተሐራ አድሮ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የከባድ መኪና ነጂ በአግዳሚው ወንበር ፊት ከቶ የማያነሣውን ጉዳይ በዚያ ሊያነሣ ይችል ነበር። ከዚያ አስቀድሞ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሴት ሠራተኞችን በሥዕል ከተዘጋጀ የቤተሰብ ጤና ካርድ ጋር ወደየቤቱ የላከ ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት ታብሌት ይዘው የሚሄዱ አሉ፤ ቢሆንም ታብሌቱ የሚያገለግለው በይበልጥ ለመዝገብ ነው።

እንደ ዊስኮንሲኑና እንደ ግላስጎው ያለ፣ ለሕሙማን የሚቆም መሣሪያ ወደ ስምጥ ሸለቆ ከተሞች ቢመጣ፣ ፊደል ላልቆጠረው በድምፅ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ፣ የዝዋይንና የመቂን ሰው አነጋገር ለይቶ እንዲናገር ግድ ነው፤ መብራት ሲጠፋ የሚመልስ ሰውም አጠገቡ ሊኖር ይገባል። ከሁሉም በላይ ግን መሣሪያው የመጠበቂያው ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለሁሉ እንዲታይ ከተደረገ፣ ያው የቀድሞው ስብከት ነው፤ ከመድኃኒት መስጫው ጀርባ፣ መጋረጃ ባለበት ይቁም።