የአየር ፍሬን ታሪክ፤ ከባቡር ሐዲድ እስከ ከባድ መኪና

በቋንቋችን የመኪና ፍሬን አልሠራ ሲል «ፍሬን በጠሰ» ይባላል። አነጋገሩ ፍሬንን እንደ ገመድ ይቈጥረዋል፤ ገመዱ ከተበጠሰ መኪናውን የሚይዘው ነገር የለም ማለት ነው። የዛሬው ከባድ መኪና የአየር ፍሬን ግን የተሠራው ከዚህ በተቃራኒው አሳብ ነው፤ ይኸውም አየሩ ሲያልቅ መኪናው እንዲሄድ ሳይሆን እንዲቆም ነው። ይህ አሳብ በአንድ ቀን አልተገኘም። መቶ ዓመት ያህል ፈጅቷል፤ የብዙ ሰው ሕይወትም ተከፍሎበታል። ለከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ የሚዘጋጅ ሰው ደንቦቹን በቃሉ ያጠናል። ታሪኩን ያወቀ እንደሆነ ግን እያንዳንዱ ደንብ ለምን እንደ ተደነገገ ይገባዋል። እኛ መምህራንም ልናስተምረው የሚገባን ይህንኑ «ለምን» የሚለውን ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የሰው ክንድ ዘመን

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የባቡር ክብደትና ፍጥነት ከዓመት ወደ ዓመት ሲያድግ ማቆሚያው ግን ያው የሰው ክንድ ነበር። በአሜሪካ የጭነት ባቡሮች ላይ ፍሬን ለማጥበቅ የተቀጠሩ ሠራተኞች ነበሩ። ነጂው በፉጨት ምልክት ሲሰጣቸው ባቡሩ እየሮጠ ከፉርጎ ጣራ ወደ ፉርጎ ጣራ እየተራመዱ በየፉርጎው ያለውን የእጅ መዘውር ያጠብቁ ነበር። በክረምት ጣራው በረዶ ይለብሳል፤ ሌሊትም ጨለማ ነው። ከጣራ ወድቀው የሞቱና አካላቸው የጐደለ ሠራተኞች ብዙ ናቸው። ከዚህም ሌላ ፉርጎዎቹ በአንድ ጊዜ ስለማይያዙ ባቡሩን ለማቆም ረዥም ርቀት ያስፈልግ ነበር።

የመጀመሪያው እርምጃና ጕድለቱ

በ1846 የተወለደው አሜሪካዊው ጆርጅ ዌስቲንግሀውስ በፈረንሳይና በኢጣልያ መካከል ያለው የሞን ስኒ ዋሻ በታመቀ አየር በሚሠሩ መሰርሰሪያዎች እንደሚቈፈር ከአንድ መጽሔት አነበበ። አየር በቧንቧ ረዥም መንገድ ተጕዞ የአልፕስን ድንጋይ መሰርሰር ከቻለ፣ በባቡር ርዝመት ተጕዞ ፍሬን መግፋት እንዴት ያቅተዋል? ከዚህ አሳብ ተነሥቶ ሚያዝያ 13 ቀን 1869፣ ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ለፈጠራው የባለቤትነት መብት አገኘ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። በእንፋሎት የሚሠራ ፓምፕ አየር አምቆ በሎኮሞቲቩ ላይ ባለ ታንክ ያጠራቅማል። ነጂው ቫልቭ ሲከፍት አየሩ በቧንቧ ወደየፉርጎው ሄዶ ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑም ፍሬኑን ከጎማው ብረት ጋር ያጣብቃል። አንድ ሰው ባቡሩን በሙሉ ከተቀመጠበት ማቆም ቻለ።

ይሁን እንጂ በዚህ አሠራር አየር ማለት ፍሬን ማለት ነው፤ አየር ከሌለ ፍሬን የለም። ከፉርጎ ወደ ፉርጎ የሚያገናኘው ቱቦ ቢቀደድ፣ ወይም ባቡሩ መካከሉ ላይ ተበጥሶ ለሁለት ቢከፈል፣ ፍሬን እጅግ በሚያስፈልግበት በዚያች ሰዓት ፍሬን ይጠፋል።

አሳቡ ተገለበጠ

ዌስቲንግሀውስ በ1872 መልሱን አገኘ። በየፉርጎው አንድ ትንሽ የአየር ታንክና አንድ ልዩ ቫልቭ አኖረ። በዋናው ቧንቧ ውስጥ አየር ዘወትር ታምቆ ይኖራል። ግፊቱ ሙሉ ሲሆን ቫልቩ የፉርጎውን ታንክ ይሞላል፤ ፍሬኑንም ይለቃል። የቧንቧው ግፊት ሲቀንስ ግን ቫልቩ ከታንኩ የተጠራቀመውን አየር ወደ ፍሬኑ ይሰዳል። እንግዲህ ነጂው ለማቆም ሲፈልግ አየር አይጨምርም፤ ያስወጣል። ቱቦው ቢቀደድም አየሩ ራሱ ስለሚወጣ ሁሉም ፉርጎ በየራሱ ይያዛል። ባቡሩ ቢበጠስ ሁለቱም ክፍሎች ይቆማሉ። ከዚህ ላይ እንደምናየው የዌስቲንግሀውስ ትልቁ ሥራ አየርን ማመቁ አይደለም፤ ብልሽቱ ራሱ የማቆሚያ ትእዛዝ እንዲሆን ማድረጉ ነው።

አሳቡ መገኘቱ ግን በሥራ ላይ ዋለ ማለት አይደለም። በ1889 በሰሜን አየርላንድ አርማ ከተማ አጠገብ የሆነው ለዚህ መራራ ምስክር ነው። ሰኔ 12 ቀን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችንና ወላጆቻቸውን ለሽርሽር የጫነ ባቡር ዳገት ላይ አቅቶት ቆመ። ባቡሩ በሙሉ ርዝመቱ የሚሠራ ፍሬን ነበረው። በታመቀ አየር ፋንታ አየርን በመምጠጥ የሚሠራ ሲሆን፣ ሲቋረጥ በራሱ የሚይዝ ዓይነት ግን አልነበረም። ሠራተኞቹ ሎኮሞቲቩ የፊተኛውን ክፍል ብቻ እንዲጐትት ባቡሩን ፈቱት። በተፈታ ጊዜ የኋለኞቹ ፉርጎዎች ፍሬናቸውን አጡ። የቀራቸው አንድ የእጅ ፍሬንና ከጎማው ሥር እንደ ታኮ የተደረጉ ድንጋዮች ብቻ ነበሩ። የፊተኛው ክፍል ሊነሣ ሲል ጥቂት ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ ገፋቸው፤ ድንጋዮቹ ተፈረካከሱ፤ ፉርጎዎቹም ቁልቁል ተንደርድረው ከኋላ ከሚመጣ ሌላ ባቡር ጋር ተጋጩ። 80 ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። የብሪታንያ ፓርላማ በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ የሰው ማመላለሻ ባቡሮች ሁሉ ሲበላሽ በራሱ የሚይዝ ፍሬን እንዲኖራቸው አስገደደ። ፈጠራው በዚያን ጊዜ 17 ዓመት ሆኖታል።

በአሜሪካም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በ1886 እና በ1887 በአዮዋ ክፍለ ሀገር በበርሊንግተን በረዥም የጭነት ባቡሮች ላይ ሙከራ ተደረገ፤ ዌስቲንግሀውስም አየሩ እስከ መጨረሻው ፉርጎ ፈጥኖ እንዲደርስ ቫልቩን አሻሻለ። ሎሬንዞ ኮፊን የተባለ የአዮዋ ሰው ለሠራተኞቹ ሕይወት ለብዙ ዓመታት ከተሟገተ በኋላ የባቡር ደኅንነት ሕግ በ1893 ወጣ። መሣሪያው ያለ ሕግ፣ ሕጉም ያለ ተሟጋች ሰውን አላዳነም።

ወደ አውራ ጎዳና

የአየር ፍሬን በ1920ዎቹ ዓመታት ወደ ከባድ መኪና ተሻገረ። አየር በነጻ ይገኛል፤ ጥቂት ቢያፈስስ ኮምፕሬሰሩ ይተካዋል፤ ተሳቢን መቀጠልና መፍታትም ቀላል ነው። ጕልበቱንም በክፍል ውስጥ ልናሰላው እንችላለን። በካሬ ሴንቲሜትር 7 ኪሎ ግራም ግፊት ያለው አየር 194 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ባለው የፍሬን ክፍል ላይ ቢያርፍ 7 በ194 ሲባዛ ወደ 1,360 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህ ለአንድ ጎማ ብቻ ነው።

በመኪናው ላይ አሳቡ አንድ እርምጃ ደግሞ ቀጠለ። የ1872ቱ ፍሬን ሲይዝ የሚይዘው በተጠራቀመ አየር ነው፤ አየር ደግሞ ውሎ አድሮ ያፈስሳል። ስለዚህ ለማቆሚያ ጠንካራ የብረት ሞላ ተደረገ። ሞላው ፍሬኑን ሁልጊዜ ለመያዝ ይገፋል፤ የአየሩ ሥራ ሞላውን ጨቁኖ ፍሬኑን መልቀቅ ነው። አየሩ ሲያልቅ ሞላው ይይዛል፤ ሞላ ደግሞ አያፈስስም።

የዚህን ልዩነት ዋጋ ሐምሌ 6 ቀን 2013 በካናዳ ላክ ሜጋንቲክ ከተማ የደረሰው አደጋ ያሳያል። 72 የድፍድፍ ነዳጅ ፉርጎዎች የሚስብ ባቡር ሌሊት ተዳፋት ላይ ቆሞ ነበር። የያዙት ጥቂት የእጅ ፍሬኖችና የሎኮሞቲቮቹ የአየር ፍሬን ናቸው። በሎኮሞቲቩ ላይ እሳት ተነሥቶ ሞተሩ ሲጠፋ ኮምፕሬሰሩም ቆመ፤ አየሩ ቀስ በቀስ አፈሰሰ፤ የእጅ ፍሬኖቹም ብቻቸውን ስላልበቁ ባቡሩ ወደ ከተማው ተንደረደረ። 47 ሰዎች ሞቱ።

ደንቡና «ለምን»

ብዙ ወገኖቻችን በከባድ መኪና ሾፌርነት በሚሠሩበት በአሜሪካ የአየር ፍሬን ፈተና ያላለፈ ሰው የአየር ፍሬን ያለውን ከባድ መኪና እንዳይነዳ በመንጃ ፈቃዱ ላይ ገደብ ይጻፍበታል። የሚጠየቃቸውን ቍጥሮች አሁን ከታሪኩ ጋር ልናገናኛቸው እንችላለን። ኮምፕሬሰሩ በካሬ ኢንች 125 ፓውንድ ያህል ሲሞላ ማመቁን ያቆማል። ግፊቱ ወደ 60 ሲወርድ ማስጠንቀቂያ ይሰማል ወይም ይበራል። ከ45 እስከ 20 ባለው መካከል የሞላው ፍሬን በራሱ ይይዛል። ሾፌሩ ከጕዞ በፊት ለጎማው ታኮ አድርጎ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ፍሬኑን ለቆ ጌጁን ለአንድ ደቂቃ ይመለከታል፤ ተሳቢ በሌለው መኪና ከ2 ፓውንድ፣ ተሳቢ ባለው ከ3 ፓውንድ በላይ መቀነስ የለበትም። ይህች አንድ ደቂቃ የአርማና የላክ ሜጋንቲክ ትምህርት ናት።

ይሁንና አየር ፍሬን የማይችለውም አለ። አየሩ በቧንቧ እስኪደርስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚህ ጊዜ 11 ሜትር ይጓዛል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሙቀት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። 30 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 880 ሊትር ያህል ውሃን ከ20 ዲግሪ እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ ይበቃል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ሞተሩን ካላስያዘ፣ ይህ ሁሉ ሙቀት በሸራውና በታምቡሩ ላይ ያርፋል። የጋለ ሸራ አይነክስም። ሞላውም የሚገፋው ያንኑ ሸራ ስለሆነ በዚያን ጊዜ አያድንም። ጌጁ ሙሉ አየር እያሳየ ፍሬን «ይበጠሳል»።

ስለዚህ ይህን ታሪክ ስናስተምር የፊዚክስ መምህሩ ግፊትንና ሙቀትን፣ የታሪክ መምህሩ ፈጠራና ሕግ እንዴት እንደ ተጓተቱ፣ ሁለታችንም ተባብረን ማስረዳት ይገባናል። ከተማሪዎቻችን መካከል ነገ መሪ የሚጨብጡ፣ ከሾፌር ጎን በረዳትነት የሚቀመጡ፣ ከኋላም የሚሳፈሩ አሉ። ከጕዞ በፊት አንድ ደቂቃ ጌጁን የሚያይ ሾፌር ጊዜ እንደማያባክን፣ ቁልቁለቱን ገና ከአፋፉ በከባድ ማርሽ የሚጀምረውም ፈሪ እንዳልሆነ ካወቁ፣ ትምህርታችን ከክፍል ወጥቶ መንገድ ላይ ደርሷል ማለት ነው።