ርኅራኄ እንደ ሕክምና፦ አጭር ታሪካዊ ቅኝት

የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በሕመሙ ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡ ስለ ሕመሙ ባለው አመለካከትም ይጎዳል። የማኅበረሰብ ጥናት ሊቁ ኧርቪንግ ጎፍማን እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ መገለል የሰውን ማንነት እንዴት እንደሚያጎድፍ አብራርቷል። ጉዳቱ የሚጸናው ግን ታማሚው የሌሎችን ፍርድ ተቀብሎ ራሱን ማግለል ሲጀምር ነው።

እንግሊዛዊው የሥነ ልቡና ባለሙያ ፖል ጊልበርት በሕክምና ሥራቸው አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ታካሚዎች ስለ ራሳቸው የተሻለ ሐሳብ ማፍለቅ ቢችሉም፣ ያንኑ ሐሳብ በውስጣቸው የሚሰሙት በቁጣና በንቀት ድምፅ ስለነበር አይጽናኑበትም ነበር። ስለዚህ ለራስ መራራትን በልምምድ የሚያስተምር ሕክምና ቀየሱ። እ.ኤ.አ. በ2006 ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ባወጡት ጽሑፍ፣ የቡድን ሥልጠናውን የፈጸሙ 6 ታካሚዎች ሐፍረታቸውና ራሳቸውን መውቀሳቸው እንደቀነሰ ገለጹ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የስኮትላንድ ጥናት ደግሞ 40 የሳይኮሲስ ታካሚዎችን በዕጣ መድቦ፣ በቡድን ሕክምናው የተካፈሉት ከመደበኛው ክትትል ይልቅ የተሻለ ለውጥ እንዳሳዩ አመለከተ። የተሳታፊዎቹ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ ውጤቱ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል።

ችግሩ በአገራችንም ሥር የሰደደ ነው። በአማኑኤል ሆስፒታል በ212 የስኪዞፍሬንያ ታካሚዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ ግማሽ የሚጠጉት ራሳቸውን የማግለል ስሜት በመካከለኛ ወይም በከፍተኛ ደረጃ እንደነበረባቸው አሳይቷል። ራሱን የናቀ ታካሚ መድኃኒቱን ለመውሰድም ሆነ ለመመለስ ይከብደዋል። በቡድን መካከል ግን ለሌላው ሐፍረት ሲራራ፣ ያንኑ ርኅራኄ ለራሱም መስጠትን ይለማመዳል።