የእናቶቻችን ዕድሜና የእድራችን መዝገብ



በየለቅሶ ቤቱ አንድ የማያረጅ ክርክር አለ። አንዱ «የድሮ እናቶች እኮ መቶ ዓመት ይኖሩ ነበር፤ የዛሬዎቹ አይበረቱም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ኧረ ድሮ ሰው በአርባ ዓመቱ ነበር የሚሞተው» ብሎ ይመልስለታል። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን ተሳስተዋል። የማኅበራችንን 25ኛ ዓመት በናይሮቢ ስናከብር ይህን ክርክር ያነሣሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። የእኛን ማኅበር የሚመለከት ቁም ነገር ስላለበት ነው።

በዕድሜ የገፉ ሴቶች ሞት ከዘመን ወደ ዘመን እንዴት እንደተለወጠ ለማወቅ ከረጅሞቹ መዛግብት አንዱ የሚገኘው በስዊድን ነው። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1686 የወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕግ የየአጥቢያው ቄስ ልደትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲጽፍ አዘዘ። እ.ኤ.አ. ከ1749 ጀምሮ ደግሞ መንግሥት ከየአጥቢያው የሞቱትንም በሕይወት ያሉትንም በዕድሜና በጾታ ለይቶ መሰብሰብ ጀመረ። ፔር ቫርጌንቲን የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1766 እነዚህን ቁጥሮች በሠንጠረዥ አውጥቶ ሲያሳትም ሴቶች ከወንዶች ያነሰ እንደሚሞቱ በግልጽ ታየ።

ይህ መዝገብ ክርክራችንን ይፈታልናል። እ.ኤ.አ. ከ1751 እስከ 1790 በነበረው ጊዜ በስዊድን የምትወለድ ሴት ልጅ በአማካይ 37 ዓመት ያህል ትኖራለች ተብሎ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ግን ይህ አማካይ 82 ዓመት ደርሷል። ታዲያ የድሮዎቹ ሴቶች ሁሉ በ37 ዓመታቸው ይሞቱ ነበር ማለት ነው? አይደለም። በዚያ ዘመን ከአምስት ሕፃናት አንዱ ገደማ የመጀመሪያ ዓመቱን ሳይጨርስ ይቀጠፍ ነበር። አማካዩን ወደ ታች የጎተተው በዋናነት የሕፃናቱ ሞት ነው። ያን ሁሉ አልፋ 65 ዓመት የሞላት ሴት ግን ያን ጊዜም ቢሆን ወደ 11 ዓመት ያህል ተጨማሪ ዕድሜ ትጠብቅ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ይኸው የ65 ዓመት እናት ቀሪ ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ1950 ወደ 14 ዓመት ብቻ ነበር የደረሰው። እ.ኤ.አ. በ2000 ግን 20 ዓመት ገደማ ሆነ። በሁለት መቶ ዓመት ከተገኘው ይልቅ በመጨረሻው ሃምሳ ዓመት የተገኘው በለጠ ማለት ነው። መጀመሪያ የዳኑት ሕፃናት ነበሩ፤ አሮጊቶቹ ተራቸው የደረሰው የደም ግፊት መድኃኒትና የልብ ሕክምና ከተስፋፉ በኋላ ነው።

የአገራችንም ነገር በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ የሚወለድ ልጅ አማካይ ዕድሜ ከ35 ዓመት በታች እንደነበረ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይገምታል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ግን ከ65 ዓመት በላይ ሆኗል። ስለዚህ «የድሮ እናቶች» የምንላቸው በሕፃንነት፣ በወሊድ፣ በወረርሽኝና በረሃብ ከማለፍ የተረፉት ናቸው። የምናስታውሰው የተረፉትን ስለሆነ ሁሉም ብርቱ የነበሩ ይመስለናል።

ሞትን ከሞት ማነጻጸር ግን ወጥመድ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1842 ኤድዊን ቻድዊክ የተባለው እንግሊዛዊ ስለ ሠራተኛው ሕዝብ ጤና ባወጣው ዘገባ የሟቾችን አማካይ ዕድሜ እያሰላ መደቦችን አነጻጸረ። በሊቨርፑል ከተማ የከበርቴዎቹ 35፣ የቀን ሠራተኞቹ ደግሞ 15 ዓመት ብቻ ሆነ። የድሆቹ ኑሮ የከፋ መሆኑ እውነት ነበር፤ ስሌቱ ግን ጉድለት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1844 ኔይሰን የተባለ የስታትስቲክስ ባለሙያ ስሕተቱን አሳየ፦ ሕፃናት የሚበዙበት ሰፈር የሟቾቹ አማካይ ዕድሜ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። ትክክለኛው መንገድ የሁለቱን ሰፈሮች የየዕድሜ ክልል ሞት በአንድ ዓይነት የዕድሜ ስብጥር ላይ አድርጎ ማስላት ነው።

ነገሩ እንዲገባን አንድ ምሳሌ ልስጥ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተቀመጡ ናቸው። በአንድ ከተማ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ 1,000 እናቶች አሉ እንበል። ከእነዚህ 800ዎቹ ከ75 ዓመት በታች፣ 200ዎቹ ከዚያ በላይ ናቸው። በዓመት ከመጀመሪያዎቹ 100 እናቶች መካከል 2፣ ከሁለተኛዎቹ 100 መካከል 10 ቢሞቱ፣ በድምሩ 16 ሲደመር 20፣ ማለትም 36 እናቶች ይሞታሉ። ከ25 ዓመት በኋላም እናቶቹ 1,000 ናቸው፤ ነገር ግን ከ75 በታች የሆኑት 400፣ ከዚያ በላይ የሆኑት 600 ሆነዋል። ሕክምናው ተሻሽሎ ሞቱ ከመቶ ወደ 1.5 እና ወደ 8 ወርዷል። ስናሰላው 6 ሲደመር 48፣ ማለትም 54 እናቶች ይሞታሉ።

ለቅሶ የሚደርስ ሰው «ድሮ 36፣ ዛሬ 54! ምን መጣብን?» ብሎ ይደነግጣል። ነገር ግን በሁለቱም የዕድሜ ክልል ሞት ቀንሷል። አዲሱን የሞት መጠን በቀድሞው የዕድሜ ስብጥር ላይ ብናሰላው 12 ሲደመር 16፣ ማለትም 28 ብቻ ይሆናል። ለቅሶው የበዛው እናቶቻችን ለረጅም ዕድሜ ስለበቁ ነው። ማኅበር እያረጀ ሲሄድ ቀብር መብዛቱ ብቻውን የጥፋት ምልክት አይደለም።

ይህን ለራሳችን ማኅበር እናስላ ብንል ግን ሦስት እንቅፋቶች ይገጥሙናል። የመጀመሪያው ዕድሜ ነው። ብዙዎቹ እናቶቻችን የተወለዱበትን ቀን የሚያስታውሱት በዘመን ምልክት ነው፤ «ጣልያን ሲገባ»፣ «ጃንሆይ ከስደት በተመለሱ በዓመቱ» ይላሉ። ቁጥር ሲጠየቁ ደግሞ 60፣ 70፣ 80 ብለው ያጠጋጋሉ። የሰባ ዓመቷ እናት «ሰማንያ» ተብላ ከተጻፈች ሰማንያዎቹ ሁሉ ከእውነታው የበለጠ ብርቱ ሆነው ይታያሉ።

ሁለተኛው መመለስ ነው። ብዙ እናቶች ሕመም ሲጠናባቸው «አገሬ ገብቼ ልረፍ» ይላሉ። እዚህ በነበሩ ጊዜ ከነዋሪዎች ጋር ይቆጠራሉ፤ ሞታቸው ግን በሌላ አገር ይውላል። መዝገቡ የተመለሱትን ለይቶ ካልጻፈ የስደተኛው እናት የማትሞት ይመስላል።

ሦስተኛውና የሚያሳዝነው ራሱ መዝገቡ ነው። እድር የተቋቋመው ለሐዘን ጊዜ መደጋገፊያ እንጂ ለጥናት አይደለም፤ ስለዚህ የሚጽፈው ገንዘቡን ነው። የእኛንም ደብተር ብናገላብጥ «የአባል እናት ሞት፣ የተከፈለ» የሚል መስመር እናገኛለን። የልጇ ስም አለ፤ የገንዘቡ ልክ አለ፤ ቀኑ አለ። የእሷ የራሷ ስም ግን የለም፤ ዕድሜዋም የለም። ዘጠኝ ወር ተሸክማ ያሳደገች እናት በወጪ ሒሳብ ውስጥ ገብታ ቀረች።

ጥፋቱ የእኛ ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መዝገብ ዘርዝሮ ቢደነግግም በሥራ ላይ ሳይውል ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከወጣ በኋላ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው ሦስት ጊዜ፣ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነበር።

ቢሆንም በትንሽ ቦታ ትልቅ ሥራ መሥራት እንደሚቻል ያሳዩ አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በቡታጅራ አካባቢ ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ መርጦ ልደትን፣ ሞትንና መፍለስን ቤት ለቤት መመዝገብ ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ደግሞ በአዲስ አበባ የመቃብር ቦታዎች የሚቀበሩ ሰዎች ዕድሜና ጾታ፣ ቤተሰብ ከተናገረው የሞት ምክንያት ጋር ይጻፍ ነበር። በዚህ የቀብር መዝገብ አማካይነት የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላ የጎልማሶች ሞት እንደቀነሰ ለማየት ተችሏል። የተጠቀሙበት መሣሪያ በየመቃብሩ በር ላይ ተቀምጦ የሚጠይቅና የሚጽፍ ሰው ነበር።

እኛም ይህን ማድረግ አያቅተንም። ለሚቀጥሉት 25 ዓመታት መዝገባችን የእያንዳንዷን እናት የራሷን ስም፣ የተወለደችበትን ዓመት ወይም የምታስታውሰውን የዘመን ምልክት፣ ወደዚህ አገር የመጣችበትን ዓመት፣ ወደ አገር ቤት ከተመለሰች የተመለሰችበትን፣ ካረፈች ደግሞ ያረፈችበትን ቀን ቢይዝ ይበቃል። ይህ የሚጻፈው ለቅሶ ላይ ሳይሆን እናቲቱ በሕይወት ሳለች፣ ቡና ተፈልቶ፣ እሷው እየተናገረች ልጅ ወይም የልጅ ልጅ እየጻፈ መሆን አለበት። የሞቱትን ብቻ የሚጽፍ መዝገብ የሞትን ልክ አይናገርም፤ በሕይወት ያሉትም መቆጠር አለባቸው።

የማኅበራችን 50ኛ ዓመት በሚከበርበት ጊዜ ልጆቻችን በለቅሶ ቤት ያንኑ ክርክር ያነሡ ይሆናል። ያን ጊዜ ደብተሩን ከፍተው የአያቶቻቸውን ዕድሜ ከእናቶቻቸው ዕድሜ ጋር እንዲያስተያዩ፣ ከሁሉም በፊት ግን ስማቸውን እንዲያነቡ ዛሬ እንጻፍላቸው።

መልካም በዓል ይሁንልን።