የሚጥል በሽታ፦ ጭንቀቱ ከሕመሙ ነው ወይስ ከመድኃኒቱ?

በዓለም ዙሪያ 50 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ከሚጥል በሽታ ጋር ይኖራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በወቅቱ ተመርምረው ተገቢውን ሕክምና ቢያገኙ ከእነዚህ መካከል እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ሕመሙ ሳይነሳባቸው መኖር ይችላሉ።

ሆኖም ሕመሙ ጋብ ካለ በኋላም ብዙዎችን የሚፈትኑ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ጭንቀትና የመድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት። ሁለቱ ሲደራረቡ አንዳንዶች ሐኪም ሳያማክሩ መድኃኒቱን ያቆማሉ። ከሁሉም የከፋው አደጋ የሚመጣው ከዚህ ውሳኔ ነው።

ሦስቱ የጭንቀት ምንጮች

የመጀመሪያው ኑሮ ነው። ሕመሙ መቼ እንደሚነሳ አለመታወቁና ሰው ፊት የመውደቅ ስጋት ዕረፍት ይነሳል። በሽታውን ከክፉ መንፈስ ጋር የሚያያይዙ ወይም ይተላለፋል ብለው የሚሸሹ በመኖራቸው ብዙዎች ሕመማቸውን ይደብቃሉ። የሚጥል በሽታ ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በስደት አገር ደግሞ የእንጀራ ጉዳይ ይጨመርበታል። ለምሳሌ በብሪታኒያ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው የግል መኪና ለመንዳት አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ሳይነሳበት 12 ወራት ሊሞሉት ይገባል።

ሁለተኛው ምንጭ ሕመሙ ራሱ ነው። ያለ ምክንያት ድንገት የሚመጣ ብርቱ ፍርሃት አንዳንዴ የሕመሙ መነሻ ምልክት ነው። እንዲህ ያለው ፍርሃት በየጊዜው ተመሳሳይ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሴኮንዶች እስከ ሁለት ደቂቃ ይቆያል፤ እንግዳ ሽታ ወይም ከሆድ ወደ ላይ የሚወጣ ስሜት ሊያጅበው ይችላል።

ሦስተኛው መድኃኒቱ ነው። ሌቬቲራሲታም በአንዳንድ ሰዎች ላይ መነጫነጭ፣ ቁጣና ጭንቀት ያስከትላል። ከ1912 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ፊኖባርቢታል ደግሞ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለትና ድባቴ ሊያመጣ ይችላል።

የሚታገሡትና የማይታገሡት

ድካም፣ ራስ ማዞርና ማቅለሽለሽ ሕክምናው በተጀመረባቸው ሳምንታት ከታዩ በኋላ ብዙ ጊዜ እየቀነሱ ይሄዳሉ። ፊኒቶይን ድድ ሊያሳብጥ፣ ቫልፕሮይክ አሲድ ክብደት ሊጨምርና እጅ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ቫልፕሮይክ አሲድ ጽንስን ስለሚጎዳ፣ ካርባማዜፒን ደግሞ የወሊድ መከላከያ እንክብልን ስለሚያዳክም፣ ሴቶች ስለ እርግዝና አስቀድመው ከሐኪም ጋር ሊነጋገሩ ይገባል።

በተለይ ላሞትሪጂን ወይም ካርባማዜፒን ከተጀመረ በኋላ የቆዳ ሽፍታ ከወጣ ግን ቀጠሮ መጠበቅ አያስፈልግም። ራስን የማጥፋት ሐሳብም እንዲሁ አስቸኳይ እርዳታ ይሻል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2008 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ የዚህ በሽታ መድኃኒቶች እንዲህ ያለውን ሐሳብ ሊያባብሱ እንደሚችሉ አሳስቧል።

በድንገት ማቆም

መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ በርትቶ ሊመለስ ይችላል። ከአምስት ደቂቃ በላይ የዘለቀ መንቀጥቀጥ ለሕይወት አስጊ በመሆኑ አምቡላንስ መጥራት ያስፈልጋል። ጸበል መግባት መድኃኒት ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። ለሚጾሙ ሰዎች ደግሞ ሐኪሙ የመውሰጃውን ሰዓት ሊያስተካክል ይችላል።

ምን ይረዳል?

መድኃኒት የተወሰደበትን ሰዓት፣ የእንቅልፍን መጠንና ጭንቀቱ የመጣበትን ጊዜ በማስታወሻ መመዝገብ ምንጩን ለመለየት ይጠቅማል። መነጫነጩ መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከጨመረ በኋላ የመጣ ከሆነ፣ ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ወይም ቀስ በቀስ በሌላ ሊተካው ይችላል። ጭንቀቱም ራሱን ችሎ በምክክር ወይም በመድኃኒት ይታከማል። ነገር ግን እንደ ቡፕሮፒዮን ያሉ አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶች ሕመሙን ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ፣ የሚጥል በሽታ መኖሩን ለሚያዝዘው ሐኪም መንገር ግድ ነው። እንቅልፍ ማጣትና አልኮልም ሕመሙን ይቀሰቅሳሉ።

ፊኖባርቢታልና ክሎናዜፓም በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገራት ወይም ወደ ሌላ አገር የሚጓዝ ሰው የአገሩን ደንብ አስቀድሞ ማጣራት፣ መድኃኒቱን ከነማሸጊያውና ከሐኪም ማዘዣው ጋር መያዝ ይኖርበታል።

በውጭ አገር ሆስፒታሎች የቋንቋ ጉዳይም አለ። በአማርኛ "ጭንቀት" የሚለው ቃል ስጋትንም፣ ሐዘንንም፣ ተስፋ መቁረጥንም ይሸከማል፤ የሦስቱ ሕክምና ግን ይለያያል። ስለዚህ ከቤተሰብ ይልቅ የሕክምና አስተርጓሚ መጠየቅና ቃሉን ብቻ ከመናገር ስሜቱን መግለጽ፣ ማለትም መቼ እንደሚመጣ፣ ምን ያህል እንደሚቆይና ምን እንደሚያስከትል ማስረዳት፣ ሐኪሙ ከሕመሙ ይሁን ከመድኃኒቱ እንዲለይ ያግዘዋል።