የኖራው ድልድይና የሃይማኖቱ አዋጅ

ከሹም አቦም ሆነ ከሌላው የባሕር ዳር ሰፈር ተነሥቶ ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚወርድ መንገደኛ፣ በአላታ አጠገብ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ጥንታዊ ድልድይ ያገኛል። ድልድዩ የተሠራው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት ነው። በዚያው ዘመን፣ በዚያው በጣና ዙሪያ፣ ከድልድዩ እጅግ የገዘፈ ሌላ ሥራ ተሞክሮ ነበር፤ ይኸውም የአንድን ሕዝብ ሃይማኖት በአዋጅ መለወጥ ነው። ድልድዩ እስከ ዛሬ ሲቆም፣ አዋጁ ግን ዐሥራ አምስት ዓመት እንኳ አልዘለቀም።

ዐፄ ሱስንዮስ ዙፋናቸውን ለማጽናት የፖርቱጋልን የጦር ርዳታ ይሹ ነበር። ጎርጎራ ላይ ከከተሙት ከኢየሱሳውያን መነኮሳት መካከል ፔድሮ ፓኤዝ በዕውቀቱና በትዕግሥቱ ቤተ መንግሥቱን ማረከ። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ገና ከመነሻው አልተቀበለውም። በ1609 ዓ.ም. የንጉሡ አማች ዮልዮስ ሲያምፅ ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ከዐመፀኞቹ ጋር ተሰልፈው በጦር ሜዳ ወደቁ። ቀዳሚት ሰንበትን ማክበር በተከለከለ ጊዜም በጌምድርና ዳሞት ተነሡ፤ የዳሞት ገበሬ በዕለተ ቅዳሜ ሞፈር ከመጨበጥ ይልቅ ጦር መጨበጥን መረጠ።

ንጉሡ በ1614 ዓ.ም. የሮማን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ። በ1618 ዓ.ም. ደግሞ ደንቀዝ ላይ በፓትርያርኩ በአፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ተንበርክከው ለሮማው ጳጳስ መታዘዛቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ከዚህ በኋላ ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ግዝረት እንዲቀር፣ ጾሙና በዓሉ በሮማ ሥርዐት እንዲሆን ታዘዘ።

እንቢታው የጦረኛ ብቻ አልነበረም። ወለተ ጴጥሮስ የተባለችው የመኳንንት ወገን ባሏ የንጉሡ አማካሪ ሆኖ ሳለ ትዳሯን ትታ መነኰሰች፤ የንጉሡን ሃይማኖት በአደባባይ ነቀፈች፤ ለፍርድ ቀረበች፤ ሦስት ዓመትም በግዞት ኖረች። ተከታዮቿ በጣና ደሴቶችና ዳርቻዎች ማኅበር መሥርተው ጸኑ። ያረፈችው በ1635 ዓ.ም. ሲሆን መታሰቢያዋ እስከ ዛሬ በቆራጣ ይከበራል።

የላስታ ገበሬዎች በመልክአ ክርስቶስ መሪነት ያነሡት ዐመፅ ግን ነገሩን ከፍጻሜ አደረሰው። በሰኔ 1624 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ የንጉሡ ሠራዊት ድል አደረገ፤ 8,000 ያህል ሰው እንዳለቀም ይተረካል። በሜዳው ላይ የወደቀው ባዕድ ጠላት ሳይሆን የንጉሡ የገዛ ሕዝብ ነበር። ንጉሡም በዚያው ወር ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ።

ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። በአዲሱ ሃይማኖት የጸኑትም በተራቸው ስደትና ሞት ደረሰባቸው፤ ስለዚህ ድሉ የሕሊና ነጻነትን ለሁሉ አላስገኘም። ነገር ግን ንጉሡ ኖራውን አልጣሉም፤ የጎንደርን ግንብ ያነጹት በዚያው ጥበብ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሕዝቡ ዕውቀትን ከባዕድ ስለመጣ አልጠላም፤ በድልድዩ ተሻገረ፣ በኖራው ገነባ። የጠላው ሳይጠየቅ የተጫነበትን ነው። ማንኛውም ሥራ፣ ዐቅዱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የሚሸከመውን መሬት ሳይመረምር የተጀመረ እንደ ሆነ መፍረሱ አይቀርም።